ሰላማዊ ንቅናቄ በስሙ ዓመጽ ሲፈጸም ምን ያደርጋል? የቻውሪ ቻውራ ትምህርት

የለውጥ ንቅናቄን ከተቃዋሚዎቹ ክስ ይልቅ የራሱ ደጋፊዎች የሚፈጽሙት ዓመጽ ይጎዳዋል። ጥቂቶች የለኮሱት እሳት የብዙኃኑን ጥያቄ ይሸፍናል፤ ለመንግሥትም የኃይል እርምጃ ሰበብ ይሆናል። በሕንድ ቻውሪ ቻውራ የተፈጸመው ድርጊት ይህን በግልጽ ያሳያል።

ምን ተፈጠረ?

እ.ኤ.አ በ1920 በማሕተመ ጋንዲ መሪነት የተጀመረው ለእንግሊዝ አገዛዝ ያለመተባበር ንቅናቄ መርሑ ሰላማዊነት ነበር። በየካቲት 1922 በጎራክፑር አውራጃ ቻውሪ ቻውራ በተባለች ስፍራ ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ ሰዎች ሞቱ። በአብዛኛው አርሶ አደር የሆነው ሕዝብ ተቆጥቶ ፖሊስ ጣቢያውን አቃጠለ፤ ከ20 በላይ ፖሊሶችም ተገደሉ።

የተወሰደው እርምጃ

ጋንዲ የፖሊስን ተኩስ ማመካኛ አላደረጉም፤ “አጥፊዎቹ የእኛ አይደሉም” ብለውም አላለፉም። ለንስሓ አምስት ቀን ጾሙ። የኮንግረስ ፓርቲ የሥራ ኮሚቴም ሳምንት ያህል ቆይቶ በባርዶሊ ተሰብስቦ ድርጊቱን አወገዘ፤ የሕዝባዊ እምቢተኝነት ዘመቻውንም አቆመ።

ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏል። በጉጃራት የሚገኙት የባርዶሊ አርሶ አደሮች የመሬት ግብር ላለመክፈል ተዘጋጅተው ሳለ ዘመቻቸው ታጠፈ። በእስር ላይ የነበሩት ጃዋሃርላል ኔህሩ በውሳኔው አዘኑ። ጋንዲም ከእስር አልዳኑም፤ በመጋቢት ወር ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። በቻውሪ ቻውራ ጉዳይ በመጀመሪያ 172 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያጸናው የ19ኙን ነው።

በኋላ የታየው ውጤት

በ1928 የባርዶሊ አርሶ አደሮች በቫላብባይ ፓቴል መሪነት የግብር ጭማሪን ተቃወሙ። መሬትና ከብት ቢወረስባቸውም ወደ ዓመጽ አልገቡም። ከ20 በመቶ በላይ የነበረው ጭማሪ ከማጣራት በኋላ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። በ1930 በተደረገው የጨው ጉዞም ጋንዲ የጀመሩት በሥነ ሥርዓት ከታነጹ ከ78 ተከታዮቻቸው ጋር ነበር።

ዋና ዋና ትምህርቶች

• ድርጊቱን ሳይዘገዩና ሳያመካኙ ማውገዝ፤
• ኃላፊነትን መውሰድ፣ ካስፈለገም ዘመቻውን መግታት፤
• ተሳታፊዎችን ከሰልፉ በፊት ማሰልጠንና ሥነ ሥርዓት ማስያዝ።

ማውገዝ ብቻውን ስም አያድስም። የባርዶሊ አርሶ አደሮች ጥያቄ የተሰማው፣ ንቅናቄው ዋጋ ከፍሎ መርሑን ከጠበቀ በኋላ ነው።