በደጅ የበቀለ ጉሎ፣ በዶላር የሚገዛ ዘይት

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ የማይፈቀድላቸውን 38 ዓይነት ዕቃዎች ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከመጠጥና ከቤት መኪና ጎን ሽቶና የውበት መጠበቂያዎችም ተሰለፉ። አመክንዮው ግልጽ ነበር፤ አገር ለመድኃኒትና ለነዳጅ ዶላር ባጣችበት ሰዓት ለቅንጦት የሚሆን የለም። እገዳው የተነሳው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ነው። ቅባቱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፤ በአዲሱ የዶላር ዋጋ ግን።

የቆዳ ቅባት በእርግጥ ቅንጦት ነው? ጥያቄውን ለአዳማ ሰው ማቅረብ ይበቃል። የከተማዋ ነፋስ ተራራው ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለለት ነፋስ ነው። በበጋ ከአቧራው ጋር ሲነሳ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይተረተራል፣ የሕፃናት ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። ከመተሐራ እስከ ባቱ ድረስ ያለው የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ቆዳውን የሚቀባው ለፎቶ ሳይሆን እንዳይደማ ነው። ለዚህም መድኃኒቱን ከጥንት ጀምሮ ከደጁ ያገኝ ነበር።

ከሁሉ የታወቀው ቅቤ ነው። የከረዩ ወንዶች ጉንፉራ የሚባለውን ጎፈሬያቸውን የሚያሳምሩት በቅቤ ነው፤ በአርሲም በሸዋም ለጋ ቅቤ ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለሕፃን ገላ ይውላል። ቅቤ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ የውስጡ ውኃ በፀሐይና በነፋስ እንዳይተን ይከላከላል።  ችግሩ ሽታውና ዋጋው ነው። ዛሬ አንድ ኪሎ ቅቤ ለወጥም የማይደፈር ስለሆነ፣ ስለ ቆዳ ማውራቱ ትንሽ ያሳፍራል።

ሁለተኛው ጉሎ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ቆቦ። ይህ ተክል ውኃ ልጠጣ፣ ማዳበሪያ ላግኝ አይልም። በመንገድ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያ ጥግ፣ በአጥር ሥር ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል። የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ አያየውም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን የጉሎን የትውልድ ቦታ ሲፈልጉ ጣታቸው የሚያመለክተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ወደሚጨምረው አካባቢ ነው። ከዚህ ተነስቶ በጥንት ዘመን ግብፅ ደርሷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ጉሎን ለሆድ ማጠቢያ፣ ለሴቶች ጸጉርና ለቆዳ ቁስል ያዘዋል። ሄሮዶቱስም ግብፃውያን ከጉሎ ዘይት እንደሚያወጡና ሽታው ከባድ እንደሆነ ጽፏል። የነቢዩ ዮናስ ጥላ የሆነችውን ተክል እንኳን ብዙ የዕብራይስጥ ሊቃውንት ጉሎ ናት ይላሉ፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቅል ሆና ቀረች።

በአገር ቤት ጉሎ የባለሙያ እጅ ነበረው። ፍሬው ተቆልቶና ተወቅጦ አዲስ ምጣድ ይሟሽበታል፣ ቁርበት ይለፋበታል። አማርኛ ለሰውም ለከብትም አንድ ቃል፣ «ቆዳ»፣ መስጠቱ በአጋጣሚ አይመስልም፤ የደረቀን ነገር በዘይት የማለስለስ ዕውቀቱ አንድ ነውና። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኬሚስቶች የጉሎን ዘይት በሰልፈሪክ አሲድ አክመው ከውኃ ጋር የሚዋሐድ ዘይት ሠሩ፤ እሱም ለጨርቅ ማቅለሚያና ለቆዳ ፋብሪካ ማለስለሻ ሆነ። የኢትዮጵያ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ሞጆ ከአዳማ የግማሽ ሰዓት መንገድ ናት። ጉሎውም ቆዳውም እዚያው ጎን ለጎን ነበሩ።

ታዲያ ምን ሆነ? መጀመሪያ ሐዲዱ መጣ። ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ እንደ ከተማ የተዘረጉት በዚህ መስመር ላይ ነው። ሐዲዱ ቡናና ቆዳ ይዞ ይወርዳል፣ የፋብሪካ ዕቃ ይዞ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ቅባት ደግሞ ቫዝሊን ነበር። ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በፔንሲልቬኒያ የነዳጅ ጉድጓዶች የመቆፈሪያ ዘንግ ላይ የሚጋገረውን ዝቃጭ ሠራተኞች ለቁስል ሲቀቡት አይቶ አጣራውና በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። ቫዝሊን የድፍድፍ ነዳጅ ተረፈ ምርት ስለሆነ ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ አይበላሽም። ውኃ ከቆዳ እንዳይተን በማገድ ረገድም የሚስተካከለው የለም፤ በጥናት የተለካው እስከ 98 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ እናቶች ቅቤን ትተው ቫዝሊን መያዛቸው የዘመናዊነት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ምርጫቸው ትክክል ነበር።

ከቫዝሊን ጋር ግሊሰሪን ገባ። ግሊሰሪን ከሳሙና ሥራ የሚተርፍ ወፍራም ፈሳሽ ሲሆን ሥራው ከቅቤና ከቫዝሊን ይለያል፤ ሽፋን አይሆንም፣ ውኃ ይስባል። አየሩ እርጥበት ካለው ከአየሩ፣ ከሌለው ደግሞ ከራሱ ከቆዳው ጥልቅ ክፍል። በአዳማ ደረቅ ነፋስ ላይ ንጹሕ ግሊሰሪን ብቻውን የሚቀባ ሰው ጠዋት ወዙ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ከበፊቱ ብሶ ቢደርቅ ሊደንቀው አይገባም። በውኃ ቀጥኖ፣ ከላዩ ቅባት ተደርቦ ነው የሚጠቅመው።

ጉሎ በዚህ ሁሉ መሀል ተረሳ። ሌላው ዓለም ግን አልረሳውም። ከዘይቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ሪሲኖሌይክ የተባለ፣ በሌሎች የምግብ ዘይቶች ውስጥ በዚህ መጠን የማይገኝ አሲድ ነው። የጉሎ ዘይት እንደ ማር የሚወፍረው፣ ከቆዳ ላይም ቶሎ የማይወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሊፕስቲክ ቅርጹን ይዞ እንዲያብረቀርቅ፣ በክሬም ውስጥ ዘይትና ውኃ እንዳይለያዩ ያደርጋል። የማንኛውንም ቅባት ጀርባ አገላብጦ ላነበበ ሰው «ካስተር ኦይል»፣ «ሃይድሮጅኔትድ ካስተር ኦይል»፣ «ሪሲነስ ኮሙኒስ» የሚሉት ስሞች እንግዳ አይደሉም። ሁሉም ጉሎ ናቸው።

ይህን ገበያ የያዘችው ህንድ ነች። የጉጃራት ግዛት ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ የዋለውን የመጀመሪያ የጉሎ ዲቃላ ዝርያ አወጡ። የዱር ጉሎ ፍሬው እኩል አይበስልም፣ ሲደርቅም ፈንድቶ መሬት ይበተናል፤ ለቃሚ ይሰለቻል። ጉጃራቶች ይህን አሻሻሉ፣ የመጭመቂያ ፋብሪካ አቆሙ፣ ከዚያ ዘይቱን ለመዋቢያ፣ ለቅባትና ለፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ሸጡ። ዛሬ ከዓለም የጉሎ ምርት አብዛኛው የእነሱ ነው።

ኢትዮጵያም አንድ ጊዜ ጉሎን አስታውሳ ነበር፤ ያስታወሰችው ግን ለማቃጠል ነው። የነዳጅ ዋጋ እየናረ በሄደበት በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ወጣ፤ ጉሎና ጃትሮፋ የወደፊቱ ናፍጣ ተባሉ። በምሥራቅ ሐረርጌ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ እርሻ ካስመነጠረው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ክልል ሆኖ ተገኘና ዓለም አቀፍ ውዝግብ አስነሳ። በወላይታ ገበሬዎች ከምግብ ሰብል ማሳቸው ቀንሰው በውል ጉሎ ዘሩ፤ ምርቱም ገቢውም እንደተነገራቸው አልሆነም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ በርሜሉ 147 ዶላር የደረሰው ድፍድፍ ዓመቱ ሳያልቅ ከ40 ዶላር በታች ወረደ፣ ነገሩም በዚያው ደበዘዘ።

ስህተቱ ከመነሻው ነበር። ለመዋቢያና ለኬሚካል የሚሸጥ የጉሎ ዘይት ከናፍጣ ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ከመወፈሩ የተነሳ ለሞተርም አይመችም። ውዱን አቃጥሎ ርካሹን መተካት ማለት ነው። ያኔ ከዕቅድ አውጪዎቹ አንዱ እንኳ የአዳማ ፋርማሲ ገብቶ የቅባት ጀርባ ቢያነብ ኖሮ ሐሳቡ ሌላ በሆነ ነበር።

ጉሎን ማወደስ ብቻውን ግን አይጠቅምም። ፍሬው ሪሲን የተባለ ገዳይ መርዝ አለበት፤ ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል፣ ከብትም ሊሞት ይችላል፣ አርብቶ አደሩ ተክሉን የሚጠላውም ለዚህ ነው። መርዙ በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው፤ የተጣራው ዘይት ላይ አይገኝም። ያልተጣራና ያልፈላ የቤት ጭማቂ ግን ፍርፋሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ፋጉሎውም በእንፋሎት ሳይታከም ለከብት አይሰጥም። ይህ ሥራ ማጣሪያ፣ ቦይለርና ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ገበሬውም ቢሆን ከሽንኩርትና ከቲማቲም ያላነሰ ካልከፈለው ለጉሎ ማሳ አይለቅም፤ በወላይታ የሆነውን ሰምቷል።

ለጉሎ ግን ደጋፊ ሁኔታ ካለ ያለው እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ መልካሳ ላይ የቆላ ሰብሎችን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሟል። ማለስለሻ ዘይት የሚገዙት የቆዳ ፋብሪካዎች ሞጆ ናቸው፤ ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። የ38ቱ ዕቃዎች ዝርዝር በወጣበት ሳምንት በዚያ ደረቅ ወደብ አጥር ሥር የበቀለውን ጉሎ የቆጠረው አልነበረም።