ብረትን መለየት (ሜታል ዲቴክተር)

ብረትን መለየት ሜታል ዲቴክተር ለብረት ድምፅ እንዳይሰጥ፣ ለብር፣ ለመዳብና ለመሳሰሉት ብቻ እንዲጮኽ የሚያደርግ ማስተካከያ ነው። በአማርኛ «ብረት» ማንኛውንም ብረታ ብረት ሊያመለክት ይችላል፤ እዚህ ግን የሚዝገውንና ማግኔት የሚስበውን ብቻ ነው።

በአሜሪካ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቤቶች ሲቃጠሉ ወይም ሲበሰብሱ ሚስማሮቻቸው አፈር ውስጥ ቀርተዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሳንቲም ከሚስማር አጠገብ ከተቀበረ የሁለቱ ምልክት ይደባለቃል፤ መሣሪያውም ሁሉንም እንደ ብረት ቆጥሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ማስተካከያውን ከፍ ማድረግ፣ ጀማሪዎች እንደሚያስቡት፣ ሥራውን አያቀልም፤ ሳንቲሙን ያስቀራል።

የሚሻለው ማስተካከያውን ዝቅ አድርጎ ብረቱን በወፍራም ድምፅ እየሰሙ መፈለግ ነው። አነስተኛ ጥቅልል ሽቦ (ኮይል) በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ጥቂት ሚስማር ብቻ ነው። መሣሪያው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ፍጥነት ሲጨመር ተቀራራቢ ዕቃዎች ይለያያሉ፤ የሚደርስበት ጥልቀት ግን ይቀንሳል። ሴንሲቲቪቲን መቀነስ የውሸት ድምፅን ያሳንሳል። የዛገ ሚስማር አንዳንዴ እንደ ብር በቀጭን ድምፅ ይጮኻል። በ90 ዲግሪ ዞሮ ሲፈተሽ ድምፁ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው።

ችግሩ የመሣሪያውን ያህል አሮጌ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት ሲፈልግ፣ የፍራሹ የብረት ሽቦዎች እንዳሳሳቱት ይነገራል።

በአሜሪካ በፌዴራል መሬት ላይ ዕድሜያቸው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ታሪካዊ ቅርሶችን ያለ ፈቃድ ማውጣት በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተከልክሏል። በግል ይዞታ ደግሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።