ዜሮ ያስመዘገበው ጨረር፦ የጄምስ ቫን አለን የምርምር ሕይወት



የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ቫን አለን በሥራ ዘመኑ ካገኛቸው ውጤቶች ሁሉ እጅግ አስተማሪው ዜሮ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት የእርሱን የጋይገር ቆጣሪ ተሸክማ ነበር። መሣሪያው በዝቅተኛ ከፍታ የሚጠበቀውን የኮስሚክ ጨረር መዘገበ፤ ሳተላይቷ ከፍ ስትል ግን አንዳች አልቆጠረም። ተበላሽቷል ብሎ ውጤቱን መጣል ቀላል ነበር። ቫን አለንና ባልደረቦቹ ግን ምክንያቱን መረመሩ። በማርች ወር የተላከችው ኤክስፕሎረር 3 በቴፕ መቅረጫዋ የተሟላ መረጃ አመጣች። ካርል ማክልዌይንም የጋይገር ቱቦን በኤክስሬይ ሲፈትን፣ ጨረሩ ከልክ ሲያልፍ ቆጣሪው በምትና በምት መካከል ፋታ አጥቶ እንደሚደነዝዝ ተረዳ። ዝምታው የመጣው ከጨረር ብዛት ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠሩት፣ ምድርን የከበቡት የጨረር ቀበቶዎች የታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያም መሣሪያዎቹ በ1973 በፓዮኒር 10 እስከ ጁፒተር፣ በ1979 በፓዮኒር 11 እስከ ሳተርን ዘለቁ።

ተማሪዎቼ፣ በቤተ ሙከራ ያልጠበቃችሁት ዜሮ ሲገጥማችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት መሣሪያችሁ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችል ጠይቁ።