ስም የተጠለፈባቸው ስድሳ ስድስት ጨርቆች

በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ፣ በጦርነት መታሰቢያው ሙዚየም ውስጥ ሁለት የአልጋ ልብሶች ይገኛሉ። ሦስተኛው ለንደን ውስጥ በብሪታንያ ቀይ መስቀል እጅ ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1942 በሲንጋፖር፣ በቻንጊ እስር ቤት ታስረው የነበሩ ሴቶች የሠሯቸው ናቸው። እያንዳንዱ የአልጋ ልብስ ከ66 ትንንሽ አራት ማዕዘን ጨርቆች የተጋጠመ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ጨርቆች ላይ የጠለፈችው ሴት ስም በክር ተጽፏል።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ ስለ እነዚህ ጨርቆች ልንጽፍላችሁ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በጥልፍና በስፌት ክፍል ያለን አባላት በአንድ ርእስ ላይ ሁላችንም የምንጠልፍበት የጋራ ጨርቅ ለመሥራት ሐሳብ ባቀረብን ጊዜ፣ «ይህ ምን ያተርፍልናል? ለገበያ የሚሆን ቀሚስና ነጠላ ብንጠልፍበት አይሻልም ወይ?» ያሉ እኅቶች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጊዜያችንም ክራችንም የተቆጠረ ነው። ደግሞም በአገራችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል የሚያኮራ አይደለም፤ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተጣፈ የሚለበስ፣ ያጣ ሰው ልብስ ነው። ታዲያ ሴቶች ተሰብስበው ቁርጥራጭ መቀጣጠላቸው ምን ጥቅም አለው? መልሱን ከታሪክ ፈለግን።

ሲንጋፖር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 በጃፓን ጦር እጅ ወደቀች። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 8 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አገራችን ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እጃቸውን የሰጡት ወታደሮች ወደ ምርኮኞች ሰፈር ሲወሰዱ፣ ሲቪሎቹ አውሮፓውያን ደግሞ በማርች ወር ወደ ቻንጊ እስር ቤት እንዲገቡ ተደረገ። እስር ቤቱ የተሠራው ለ600 እስረኞች ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የገባበት ሰው ግን ወደ 2,400 ይጠጋ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት 400 ያህል ነበሩ።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይተው ታሰሩ። የአንዳንዷ ባል በዚያው እስር ቤት ከግንቡ ማዶ ነበር፤ የሌላዋ ባል ወይም ወንድም ደግሞ በምርኮኞቹ ሰፈር፣ ምናልባትም ቆስሎ በሆስፒታል ነበር። ደብዳቤ መጻጻፍ የተከለከለ ነው። ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ የሚነግር የለም። ረኀቡና መጨናነቁ ከባድ ቢሆንም፣ ከሁሉ የከበደው ይህ አለማወቅ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም። አገራችን በጦርነትና በስደት ዘመን ያሳለፈችውን የሚያስታውስ ሁሉ «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ጥያቄ ክብደት ያውቀዋል።

ከታሳሪዎቹ መካከል ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተማሪዎች ነበሩ። በምግብ እጥረት የሚመጣውን ክዋሽዮርኮር የተባለ የሕፃናት በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ አንዷ ነበረች፤ በኋላም የሴቶቹ ሰፈር መሪ ሆናለች። ሴቶቹ መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጡ፣ ሥራ ይከፋፈሉ፣ ልጆችን ያስተምሩ ነበር።

የአልጋ ልብሶቹን ሐሳብ ያመጣችው ኢቴል ሙልቫኒ የተባለች ካናዳዊት ናት። በሰፈሩ ውስጥ የቀይ መስቀል ተወካይ ሆና ታገለግል ነበር፤ ባሏም የጦር ሐኪም ሆኖ ተማርኮ ነበር። ያወጣችው ደንብ ቀላል ነው። ለመሳተፍ ለፈቀደች ሴት ሁሉ 15 ሳንቲሜትር በ15 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ነጭ ጨርቅ ይሰጣታል። በዚያ ላይ ስለ ራሷ የሆነ ነገር ትጠልፋለች፤ ስሟንም ትጽፋለች። ከዚያ ጨርቆቹ ይሰበሰቡና ይጋጠማሉ።

ርእሱ አንድ ነው፤ «የራሴ የምለው ነገር» ማለት ነው። ሥዕሉ ግን የየራስ ነው። አንዷ የአገሯን አበባ፣ ሌላዋ ትታ የመጣችውን ቤት፣ ሌላዋ ካርታ፣ ሌላዋ ደግሞ የታሰረችበትን ክፍል ጠለፈች። መርፌ መያዝ የለመደችም፣ ያልለመደችም አለችበት፤ ይህ ከጥልፉ ላይ ይታያል። እኛ ሥራውን በፎቶግራፍ ስናየው በጣም ያስደሰተን እሱ ነው። ያላማረው ጨርቅ አልተጣለም፤ ካማረው ጎን ተሰፍቷል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንምጣ። ሦስቱ የአልጋ ልብሶች ለቁስለኛ ወታደሮች ስጦታ ተብለው ነው የተሠሩት፤ አንዱ ለእንግሊዞች፣ አንዱ ለአውስትራሊያውያን፣ ሦስተኛው ለጃፓኖች። ለአሳሪዎቻቸው! ይህን ስናነብ ከመካከላችን «ለጠላት እንዴት ይጠለፋል?» ያለች ነበረች። ሌላዋ «ብልኅነት ነው እንጂ» አለች። ነገሩን ስናጤነው ሁለቱም ትክክል ናቸው። የጃፓን ቁስለኞችን ያላሰበ ስጦታ ከእስር ቤቱ በር የመውጣት ዕድሉ የመነመነ ነበር። በጃፓኖቹ የአልጋ ልብስ ላይ ያለው ጥልፍ በአብዛኛው አበባና የመሳሰለው፣ ማንንም የማያስቆጣ ነው። ሦስተኛው ለሁለቱ መንገድ ከፈተላቸው። ያም ሆኖ ቁስለኛ ቁስለኛ ነው፤ ጽሑፉ ለሕመማቸው ማዘናቸውን ይገልጻል። ያ ሐዘን እውነተኛ ይሁን አይሁን እያንዳንዷ ሴት ከራሷ በቀር የሚያውቅላት የለም።

በመንገዱ የተላለፈው ነገር ግን ግልጽ ነው። ስም ነው። ጠባቂ የሚያየው አበባና ቤት ነው፤ ሆስፒታል የተኛው ምርኮኛ የሚያየው የሚስቱን ወይም የጓደኛውን ሚስት ስም ነው። ስሙ በክር ተጠልፎ ከመጣ፣ ጠላፊዋ ቢያንስ ጨርቁን እስከሠራችበት ቀን በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ያየ ላላየ ይነግራል። ከልብስ ይልቅ ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። የቻንጊ ሴቶች ክር አንበሳውን አላሰረም፤ በአንበሳው ፊት ግን አልፎ ሄደ።

በዚያው እስር ቤት የነበሩ ልጃገረዶችም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ለመሪያቸው የልደት ስጦታ እንዲሆን ከተገኘው ብጫቂ ሁሉ ስድስት ማዕዘን ቁርጥራጮችን እየቀጣጠሉ፣ በአበባ መልክ እየገጣጠሙ፣ ስማቸውን በመካከሉ ጠለፉ። ያም ዛሬ ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም ይገኛል።

ጥልፉ መከራውን አላቆመውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1943 የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ እስር ቤቱን በርብሮ፣ በስለላ ጠርጥሮ 57 ሰዎችን ወሰደ፤ 15ቱ ሞቱ። ዶክተር ዊሊያምስም ተወስዳ ለወራት ተሠቃይታለች። በ1944 ታሳሪዎቹ ሳይም ሮድ ወደተባለ ሰፈር ተዛወሩ፤ ነጻ የወጡት በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

ሌላም መባል ያለበት አለ። በእነዚህ ጨርቆች ላይ የሲንጋፖር ሕዝብ አብዛኛው ክፍል የለበትም። ከተማዋ በወደቀች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጃፓን ጦር በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ነዋሪዎችን ገድሏል። የእነዚያ እናቶችና ሚስቶች ስም በየትኛውም የአልጋ ልብስ ላይ አልተጠለፈም። የጋራ ጨርቅ የሚመሰክረው ቁራጭ ጨርቅ ለደረሳቸው ብቻ ነው። ለዚህም ነው እኛ የራሳችንን ስናስብ በመጀመሪያ የጠየቅነው «ማን ቀረች?» የሚለውን የሆነው። በሕመም ከቤት የማይወጡ አባላት አሉን፤ መርፌ ይዘው የማያውቁም አሉን። ጨርቁ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል፤ መጥለፍ ያልቻለችው ሥዕሉን ትመርጣለች፣ ሌላዋ ትጠልፍላታለች፣ ስሙ ግን የመረጠችው ይሆናል።

ስለ ገንዘቡ ለተነሣው ጥያቄም ከዚያው ሰፈር መልስ አለ። የቻንጊ ሴቶች በረኀብ ጊዜ ተሰብስበው ስለ ምግብ ያወሩ ነበር፤ እያንዳንዷ በቤቷ ትሠራው የነበረውን ወጥና ኬክ አሠራሩን ትናገራለች። ሙልቫኒ ያን እየመዘገበች አቆየች። ከጦርነቱ በኋላ ካናዳ ገብታ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው፤ 20,000 ቅጂ ተሸጦ ወደ 18,000 ዶላር ገባ። ገንዘቡም በሆስፒታል ለነበሩ የቀድሞ ምርኮኞች ምግብ መላኪያ ሆነ። እንግዲህ አብሮ መቀመጡ አንዳንዴ ገንዘብ ያመጣል፣ አንዳንዴ አያመጣም። በአልጋ ልብሶቹ ማንም ሳንቲም አላገኘም። ነገር ግን አብሮ የመሥራት ልማድ ያላት ሴት፣ ቀን ሲወጣላት የሚሸጠውንም ማሰባሰብ ታውቅበታለች።

ስለዚህ የክፍላችን ሐሳብ ይህ ነው፦ ለገበያ የምንጠልፈው አይቋረጥም፤ የጋራው ጨርቅ ግን ለሽያጭ አይቀርብም። መጠኑ አንድ፣ ርእሱ አንድ፣ ሥዕሉ የየራስ ይሆናል። ደጋፊዎቻችንም ክርና ጨርቅ ስትልኩልን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ለዚህ እንደሚውል እንድታውቁት ወደናል።

በመጨረሻ፣ በአውስትራሊያውያኑ የአልጋ ልብስ ጀርባ ስላለው ጽሑፍ እንንገራችሁ። ዓመቱ 2602 ይላል፤ በጃፓን ንጉሠ ነገሥታዊ አቆጣጠር 1942 ማለት ነው። የራሷ የዘመን አቆጣጠር ያላት አገር ልጆች ስለሆንን፣ ቀን እንኳ በአሳሪ አቆጣጠር መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ጽሑፉ ቀጥሎ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ጨርቁ ለአውስትራሊያ ቀይ መስቀል እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከዚያም የቤት እመቤት ምክር ይጨምራል፦ በውኃ ከሚታጠብ ይልቅ በደረቅ እጥበት ቢጸዳ ይመረጣል ይላል። ነገ የሚበሉትን የማያውቁ ሴቶች፣ ከጦርነቱ በኋላ ጨርቁን ለሚያጥበው ሰው መመሪያ ትተዋል።