ዕፀዋት በየወገናቸው እንዴት እንደ ተለዩ

በምድር ላይ የሚበቅሉት ዕፀዋት ከ300,000 ዓይነት እንደሚበልጡ ታውቋል። እነዚህን ሁሉ በየወገናቸው ለይቶ ለማወቅ ሊቃውንት ከ2,000 ዓመት በላይ ደክመዋል። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና የኖረው የአሪስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ፥ ዕፀዋትን በግንዳቸው አይቶ ዛፍ፥ ቍጥቋጦ፥ ንኡስ ቍጥቋጦና ሣር ቅጠል ብሎ በአራት ከፈላቸው። ይህ አከፋፈል ለዓይን ይመቻል እንጂ ዝምድናን አይገልጥም። እንሰትን የተመለከተ ሰው በቁመቱ ዛፍ ነው ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ቢቈርጡት እንጨት አይገኝበትም፤ ግንድ የሚመስለውም እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። በዝምድናው ከወይራ ይልቅ ለጤፍ ይቀርባል።

ለዚህ ምስክሩ ዘሩ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሬይ በ1682 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንዱ ዘር ሲበቅል አንድ ቅጠል፥ ሌላው ሁለት ቅጠል ይዞ እንደሚወጣ አስረዳ። ሽንብራና ባቄላ ከሁለተኛው ወገን ስለ ሆኑ ይከካሉ፤ ጤፍና ገብስ ከፊተኛው ስለ ሆኑ አይከኩም። ክክ የምታዘጋጅ ባልቴት ይህን ከማንም ሳትማር በእጅዋ ታውቀዋለች።

ስዊድናዊው ሊኔዎስ ደግሞ በ1735 በአበባ ውስጥ ያሉትን የወንዴ አካላት እየቈጠረ ዕፀዋትን በ24 ክፍል መደባቸው። አበባ የማይታይባቸውን ግን የሚቈጥርበት ስላልነበረው በ24ኛው ክፍል ሰብስቦ ስሙን «ስውር ጋብቻ» አለው። በየመሥሪያ ቤቱ ቦታ ያጣ ወረቀት ሁሉ የሚከተትበት አንድ መሳቢያ አይጠፋም፤ ይህም ክፍል እንደዚያ ነበረ። በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው ሞስ፥ በጥላ ሥር የሚበቅለው ፈርን፥ እንጉዳይም ሳይቀር በአንድነት ተቀመጡበት። እንጉዳይስ ከዕፀዋት ይልቅ ለእንስሳት የቀረበ መሆኑ ስለ ታወቀ ዛሬ ከመዝገቡ ወጥቷል።

መሳቢያውን የፈተሸው ዊልሄልም ሆፍማይስተር በላይፕዚግ ከተማ የሙዚቃ ኖታ የሚያሳትምና የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ወደ አባቱ ንግድ ቤት ከመሄዱ በፊት በማለዳ እየተነሣ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። በ1851፥ በ27 ዓመቱ፥ ሞስም ፈርንም ጥድም አንድ ሥርዓት እንዳላቸው በመጽሐፍ ገለጠ። ይኸውም በሁሉም ዘንድ ሁለት ትውልድ ይፈራረቃል፤ አንደኛው ስፖር የሚባል ትቢያ መሰል ደቂቅ ይበትናል፤ ከዚያ የሚወጣው ሁለተኛው ትውልድ ተባዕትና አንስት ዘር ይሰጣል። ልዩነታቸው ከሁለቱ የትኛው ገናና በመሆኑ ነው።

በሞስ የምናየው ለምለም ገላ ሁለተኛው ትውልድ ነው። በፈርን ግን ይኸው ትውልድ ከጣት ጥፍር እምብዛም ሳይበልጥ በመሬት ላይ ይኖራል፤ ተባዕቱ ዘር በውሃ ዋኝቶ ወደ አንስቲቱ ስለሚደርስ ያለ እርጥበት ጋብቻ የለም። በጥድና በዝግባ ሁለተኛው ትውልድ እጅግ አንሶ በእናቲቱ አካል ተሸሽጓል፤ የወንዱንም ብናኝ ነፋስ ያደርሰዋል፤ ዘራቸው ግን ሲፀነስ ራቁቱን ነው። ወይራን የመሳሰሉት ባለ አበባዎች ዘራቸውን በፍሬ ይከድናሉ፤ ከዕፀዋትም ሁሉ የሚበዙት እነርሱ ናቸው።

ነጋዴው ሆፍማይስተር በ1863 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ዘራቸው ራቁት ከሆነው ዛፎች በአንዳንዱ የሚዋኝ ተባዕት ዘር ሳይገኝ እንደማይቀር ገምቶ ነበር፤ ነገር ግን ሳያየው በ1877 ሞተ። በ1896 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ በሥዕል ሠራተኛነት የተቀጠረው ሳኩጎሮ ሒራሴ፥ ጊንክጎ በሚባለው ዛፍ ውስጥ የሚዋኘውን ዘር በዓይኑ አየ።