አንድ አልበም፣ ሁለት ጆሮ፦ የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» (2001) እንዴት እንደ ተተቸ



እጅጋየሁ ሽባባው ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ፣ እንጅባራ ታልፎ በሚደረስባት በቻግኒ የተወለደች ድምፃዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓልም ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ «ጂጂ» በሚል ርእስ ያወጣላት አልበም ከውጭ አገር ተቺዎች ከፍ ያለ ምስጋና አገኘ፤ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ክርክር አስነሣ። ነገሩ ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ ወደደው፣ የኛ ሰው ግን ጠረጠረው» ተብሎ ይዘጋል። እኔ ግን ሁለቱ ወገኖች የፈረዱት በአንድ ነገር ላይ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ከቍጥሩ እንጀምር። የውጭው ተቺ አልበሙን የተቀበለው እንደ አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ሥራ ነበር። እጅጋየሁ ግን ከዚያ በፊት «ፀሐይ» (1997) እና «ዋን ኢትዮጵያ» (1998) የተባሉ ሁለት አልበሞች ነበሯት፤ ሁለቱም ለኢትዮጵያዊ አድማጭ የተዘጋጁ ነበሩ። ስለዚህ አንደኛው ወገን የሰማው ካልታወቀ ስፍራ ድንገት የመጣ ድምፅ ነው። ሌላኛው ግን የሚያውቀውን ድምፅ በማያውቀው ልብስ አገኘው። የመጀመሪያ ሥራ በተስፋ ይመዘናል፤ ሦስተኛ ሥራ በንጽጽር። «የመጀመሪያ አልበም» የሚለው ስያሜ ራሱ የአድማጩን መቆሚያ የሚናገር እንጂ የዘፋኟን ታሪክ የሚናገር አይደለም።

የውጭው ጆሮም ባዶ አልነበረም። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በብራስልስ ታትሟል፤ ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ በ1989 ለንደን ላይ ባወጣችው አልበም ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር ስትነጻጸር ቆይታለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው «ኢትዮፒክ» የተሰኘው ተከታታይ ኅትመት የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች ለዓለም ማሰማት ጀምሮ ነበር። ተቺው ከኢትዮጵያ የሚጠብቀው ይህንኑ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ግን ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፈሮ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት አሰልፎ፣ ድምፁን በከባድ ቤዝና በማሚቶ ከበበው። ለተቺው እነዚህ ስሞች መግቢያ በር ሆኑለት። ግጥሙን የማይሰማ ሰው ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ከማድነቅ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። ምስጋናው እውነተኛ ነበር፤ የተመሰገነው ግን የሥራው ግማሽ ነው።

ከኋላው የቆመውን ሰውም እንመልከት። የፓልም ፒክቸርስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል፣ በ1973 የቦብ ማርሊንና የዌይለርስን «ካች ኤ ፋየር» ኪንግስተን ላይ ከተቀዳ በኋላ ለንደን አምጥቶ፣ አሜሪካዊ ጊታሪስት አስጨምሮ ለሮክ አድማጭ ያመቻቸው ሰው ነው። ከ28 ዓመት በኋላ በእጅጋየሁ ላይ የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። ያኔም «ተበረዘ» ያሉ ነበሩ፤ ዛሬ ያን አልበም ጃማይካዊ አይደለም የሚል አላጋጠመኝም።

«ተበረዘ» የሚለው ክስ በኛም ዘንድ ጠንካራው ክስ ነበር። ይሁን እንጂ ከምን ተበረዘ? እንደ አገር ቤት ወግ የምንሟገትለት የነሐስ ባንድ የተስፋፋው ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ባመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ኒው ዮርክ ላይ የኛን ቅኝት ከላቲንና ከጃዝ ጋር ያገናኘው በ1966 ነው። በአልበሙ ውስጥ «ጉራማይሌ» የሚባል ዘፈን አለ። ቃሉ ድድን እዚህ እያጠቆሩ እዚያ እየተዉ የሚነቀሱትን ጌጥ የሚያመለክት ነበር፤ በኋላ አማርኛን ከእንግሊዝኛ እያደባለቀ ለሚናገር ሰው መንቀፊያ ሆነ። ነቃፊዎቿ ሊወረውሩባት የሚችሉትን ቃል ዘፋኟ አስቀድማ ርእስ አድርጋዋለች።

የኔ ግምት፣ የአገር ቤቱን አድማጭ ያስጨነቀው ጃዙ ብቻ አልነበረም። እጅጋየሁ በልጅነቷ በቤታቸው ከነበረ ካህን ዜማ ተምራለች። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ በመስኮቱ ወደ ጣና መመልከት ይበቃል። ጣና ቂርቆስ ቅዱስ ያሬድ የተቀመጠበት ደሴት መሆኑ በትውፊት ይነገራል። ድጓው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ፣ አቋቋሙ በጎንደር፣ ቅኔው በዋሸራ፤ የዜማውና የቅኔው ዩኒቨርሲቲዎች ሐይቁን ዙሪያውን ከበውታል። በእነዚህ ጉባኤያት ዜማውን የሚመሩት ወንዶች ናቸው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ተጕዘን የምናገኘው ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴትን አያስገባም። እርግጥ የጽጌ ማርያሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ፤ ዓይነ ስውር ሆነው ከአባታቸው የተማሩትን ለወንዶች ሊቃውንት አስተምረዋል። ነገር ግን እርሳቸውም ስማቸው የሚነሣው እንደ ብርቅ ነው። እንግዲህ ለመቅደስ ያልተፈቀደላት ድምፅ፣ የመቅደሱን አወራረድ ይዛ፣ በከባድ ቤዝ ታጅባ ከካሴት ውስጥ ስትወጣ፣ ጆሮው ያሬዳዊውን ዜማ የሚያውቅ አድማጭ ቢደነግጥ አይገርምም። «ካህን» የሚለውን ዘፈን ሲሰማ ደግሞ ድንጋጤው ይብስበታል። ይህን ድንጋጤ የኒው ዮርክ ተቺ ሊሰማው አይችልም፤ ሊጽፈውም አይችልም። ለዚህ ይመስለኛል፣ አልወደድነውም ያልነው እኛ ከወደዱት ይልቅ አልበሙን በጥልቀት የሰማነው።

አቀባበሉም በ2001 አልተዘጋም። «ዓድዋ» የተሰኘው ዘፈን ዛሬ ያለ እርሱ የካቲት 23 የሚከበር እስከማይመስል ድረስ ይደመጣል፤ ስለ ቅንብሩ የሚከራከር ሰውም አላውቅም። «ዓባይ» ግን ከዚህ ይለያል። ወንዙን ማወደስና መውቀስ የቆየ የግጥም ልማድ ነው፤ ዘፈኑ ሲወጣም የተሰማው በዚያ ልማድ ውስጥ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ወዲህ ግን ያንኑ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው በኅሊናው የሚያየው ኮንክሪትና ተርባይን ነው። አንድም ስንኝ ሳይለወጥ የዘፈኑ ጉዳይ ተለወጠ።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልተው። የውጭው ሂስ በመጽሔት ታትሞ ስለ ተቀመጠ በቀላሉ ይገኛል። የኛው በአመዛኙ በሻይ ቤትና በሙዚቃ ቤት ደጃፍ የተነገረ ነው፤ የተናገሩት ሰዎች ደግሞ ዛሬ የእናንተ ወላጆች ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገራችሁ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ከእነርሱ ጀምሩ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።