ገዳዩን ከመጀመሪያው የነገረን ደራሲ

«ገዳዩ ማን ይሆን?» የወንጀል ልብ ወለድ ይዞ የሚያመሽ አንባቢ እንቅልፍ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው። ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ግን በአማርኛ «ወንጀልና ቅጣት» ብለን በምናውቀው ሥራው ይህን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ይሰርዘዋል። ገዳዩን እናውቀዋለን። መጥረቢያውን ከኮቱ ስር እንዴት እንደደበቀ፣ ከቤቱ እስከ አራጣ አበዳሪዋ ደጃፍ ድረስ 730 እርምጃ መቁጠሩን ሳይቀር እናውቃለን። ታዲያ ልባችን ለምን ይንጠለጠላል? እኔ መልሱን ያገኘሁት መጽሐፉ ከተጻፈበት ታሪክ ነው።

ዶስቶየቭስኪ በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚስቱና ወንድሙ ሚኻኢል በወራት ልዩነት ሞቱበት። በተከታዩ ዓመት መጽሔታቸው ሲዘጋ ዕዳው በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1865 ወደ ጀርመኗ ከተማ ወደ ቪስባደን ሄዶ የያዘውን ሁሉ በቁማር ተበላ። የሆቴሉ ሰዎች ምግብ ከለከሉት፤ በሻይ ብቻ ሰነበተ። «ሩስኪ ቬስትኒክ» ለተባለው መጽሔት አዘጋጅ ለካትኮቭ ደብዳቤ ጽፎ 300 ሩብል ቅድሚያ የጠየቀው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ፣ በመስከረም ወር ነበር።

የልብ ወለዱ ንድፍ ያለው በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ድሃ ወጣት አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊት ይገድላል። ለአንድ ወር ያህል የሚጠረጥረው አይገኝም። ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከሰው ልጆች መለየቱ፣ በገዛ እጁ ያመጣው ብቸኝነት እያሠቃየው ራሱን ወደ ማጋለጥ ይገፋዋል።

ንድፉ እጁ ላይ ነበረ፤ የቸገረው ታሪኩን ማን ይተርከው የሚለው ነው። ከደራሲው የቀሩት ሦስት የማስታወሻ ደብተሮች እንደሚያሳዩት፣ መጀመሪያ የሞከረው ገዳዩ በራሱ አንደበት የሚናዘዝበትን አጻጻፍ ነበር። በኅዳር 1865 ማለቂያ ብዙ ገጽ ጽፎ ሳለ ሁሉንም አቃጥሎ እንደገና ጀመረ። በአዲሱ አጻጻፍ ተራኪው «እኔ» አይልም፤ ነገር ግን ከገዳዩ ጎን እምብዛም አይለይም።

በእኔ ግምት የመጽሐፉ ዕጣ የተወሰነው በዚያ ምድጃ ነው። የሚናዘዝ ሰው መጨረሻውን ያውቃል፤ የሠራውንም ለምን እንደሠራው ያብራራል። ራስኮልኒኮቭ ግን ለምን እንደገደለ ራሱም አጥርቶ አያውቅም። ለሶንያ ሲናዘዝ አንዱን ምክንያት አንስቶ ይጥላል፤ ሌላውን ያነሳል። መርማሪው ፖርፊሪም የያዘው ጭብጥ ማስረጃ የለም፤ ወሬ እያዋዛ ይጠብቀዋል። እኛም እንደ ፖርፊሪ ይህ ሰው በሚቀጥለው ደቂቃ ምን ያደርግ ይሆን እያልን እንጠብቃለን።

ልብ ወለዱ በ1866 እየተከፋፈለ ወጣ። መጨረሻው ሳይጻፍ መጀመሪያው ታትሞ ተነቧል። በዚህ ላይ ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ ጋር በ3000 ሩብል የተፈራረመው ውል ነበረ። እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 ሌላ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው የሚጽፈውን ሁሉ ለ9 ዓመት በነፃ ያሳትማል። ደራሲው በጥቅምት ወር አጭር ጽሕፈት የተማረችውን የ20 ዓመቷን አና ስኒትኪናን ቀጥሮ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን በቃል እያስጻፈ ጨረሰ። አሳታሚው ከከተማ በመጥፋቱ ጽሑፉ የተረከበው በፖሊስ ደረሰኝ ነው። አናን በ1867 አገባት፤ ገዳዩንም እስከ መጨረሻው ሸኘው።

ችኮላው ሥራውን እንዳላበላሸው ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሰውዬው ቁሳቁሱን በጥድፊያ አልሰበሰበም። በ1849 ለሞት ቀርቦ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተምሯል። ከዚያ በኦምስክ እስር ቤት ከነፍሰ ገዳዮች ጋር 4 ዓመት ኖሯል። የነፍሰ ገዳይን ፊት ያወቀው አብሮት እየተኛና እየበላ ነው።

ዛሬ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ወጣት ምስጢሩን የት ልደብቅ ብሎ ሲጨነቅ አያለሁ። ዶስቶየቭስኪ ምስጢሩን አልደበቀም። ይልቅስ የሚበላው ባጣበት ዓመት፣ ገንዘብ ሊያስገኝለት የሚችለውን ረቂቅ እሳት ውስጥ ከተተና አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ፤ ይህን ሰው ከየት ቆሜ ልየው?